ከባኞ ቤት የወጣ ደብዳቤ

«ማንም የማያውቀው ይሁን።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ከእናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር ማንም የማያውቀው አለኝ።»

«እናትዎ አሉ እንዴ?»

«የሉም፣ ነፍስ ይማር። እንግዲህ የሚያውቁት አንድ ቄስ ብቻ ናቸው ማለት ነው።»

ከዚያ አንዱ ሳቀ። የትኛው እንደሳቀ አሁን አላስታውስም። ንግግሩም ልክ በዚህ አካሄድ መሄዱን አልምልም፤ በተዘጋ የባኞ ቤት በር በኩል የሰማሁት ነው፣ ዘመኑም ርቋል። አንደኛው ድምፅ የድርጅታችን ባለቤት የአቶ በዛብህ ነበር። ሌላው የኮምፒዩተር ሠራተኛችን የግሩም ነው፤ ያኔ ጸጉሩ ሙሉ ነበር፣ ቁጣው ግን ያው የዛሬው። እኔ ከበሩ ጎን ባለው ጠረጴዛዬ ስልክ እያነሳሁ ነበር። ማንም የማያውቀው የተባለው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስልክ አንሺ የሰማችውን ሁሉ ብትጠይቅ ሥራዋ ላይ አትሰነብትም።

የውሃ ፓምፕ አስመጥተን እንሸጣለን። ቤታችን አየር ጤና ከጋራዦቹ በስተጀርባ ያለው ባለ ፎቅ ነው። ድሮ መኖሪያ ስለነበረ ባኞ ቤቱ ያለ ሥራ ቀረ። ግሩም ገባና ግድግዳውን ዳሰሰ፤ «ቀዝቃዛ ነው፣ ይሆናል» አለ። ገንዳው ላይ ጣውላ አጋደመበት፣ ጣውላው ላይ ሰርቨሩን አስቀመጠ። የድርጅቱ ኢሜይል በሙሉ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ሳጥን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠራው የለም፣ «ባኞው» ነው የምንለው። «ባኞው ላከው?» «ባኞው ዛሬ አኩርፏል።» አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ግራ ይጋባል፣ ከዚያ እሱም ባኞው ማለት ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር ባኞው ታማኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ያልተላከውን ደብዳቤ አቅፎ ይቀመጣል፤ መብራት ሲመጣ ጢጥ ብሎ ይነሳና ማንም ሳያዘው ሁሉንም በተራ ይልካል። እኛም ለምደን፣ መላኪያውን ተጭነን ወደ ምሳችን እንሄዳለን። ግሩም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ «አንድ የጠፋ ደብዳቤ አምጡልኝ!» ይላል። አምጥቶለት የሚያውቅ የለም። ፕሮግራሙን ግን ከተከለው ጀምሮ አንዴም አላደሰውም። አድስ ሲሉት «የሚሄድ አህያ ምን ብሎ ይመታል?» ይላል። አቶ በዛብህንም ፓስዎርድ ይቀይሩ ሲላቸው፣ ሽያጭ ክፍል መሃል ቆመው «የኔን ቁልፍ የፈለገ ንስሐ አባቴን ይጠይቅ!» ብለው ይስቁ ነበር። ነገሩ የክርስትና ስማቸው መሆኑን ያልገመተ ክርስቲያን ከመካከላችን አልነበረም። ስሙን ግን ማን ያውቃል? የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም።

አቶ በዛብህ ካቻምና በሁዳዴ አረፉ። ወንበሩን ልጃቸው ሃና ያዘች። በዚያው ሰሞን ግሩም ቢሮዋ ገብቶ፣ «ሃንዬ፣ የአባትሽን አድራሻ ልዝጋው?» ሲላት ሰማሁ።

«እንዳትነካው!» ብላ ጮኸች።

ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። ሐዘንም ነበር፤ ሐዘን ብቻ ግን አልነበረም። ፓምፑን የሚልክልን ህንድ አገር ያለው ፋብሪካ ከአቶ በዛብህ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሲጽፉ «ወንድሜ በዛብህ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ፓምፑን የመሸጥ ውክልናው የተሰጠው ለድርጅቱ ይሁን ለሰውየው፣ አንዳንዴ እኔም አይለይልኝም ነበር። ሃና መሞታቸውን ከሰሙ ለሌላ ይሰጡታል ብላ ፈራች። ስለዚህ አባቷ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ አለች። እሱ ፓስዎርድ አይጠይቅም፣ እንደተከፈተ የተተወ ነው። በአባቷ ስም መመለስ ጀመረች።

እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አንድ ቀን ጠርታኝ «እትዬ ሙሉ፣ አባዬ ደብዳቤ ሲጨርስ ምን ይል ነበር?» አለችኝ። ዘመኔን ሙሉ ደብዳቤያቸውን የምተይበው እኔ ነበርኩ።

«እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ወንድምህ በዛብህ» አልኳት።

ዞር ብላ ጻፈችው።

ዘንድሮ ደግሞ ኢርፋንን አመጣችው። የኮልፌ ነጋዴ ልጅ ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ለድርጅቶች ኔትወርክ ይፈትሻል። ባኞ ቤቱን ከፍቶ ሲያይ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ግሩም ከኋላው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ፕሮግራም ስንት ዓመቱ ነው?»

«ካንተ ይበልጣል። ሰላም በለው።»

«የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል'ኮ። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍን የለም።»

«እኔ አለሁ።»

«እርስዎ ቀዳዳው የት እንዳለ ያውቃሉ?»

«ባኞ ቤት ነው የቆምከው። ቀዳዳው እግርህ ሥር ነው። ውሃ ይወርድበታል፤ ከፈለግህ አንተም ትወርድበታለህ።»

ኢርፋን ሳቀ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ሙዚየም ቢሰማ በክብር ይወስደው ነበር» አለና ላፕቶፑን ከፈተ።

ሲጨርስ ሃና ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ኢርፋን እንዲህ ነው ያለው፤ ይሄ ሰርቨር ፓስዎርዱን ሳይሸፍን እንዳለ በመስመር ይልከዋል፤ አንድ ሰው መቶ ጊዜ ተሳስቶ ቢሞክር እንኳ ቆይ ማነህ አይለውም፤ ያለ ሰዓቱ፣ ከማይታወቅ ቦታ ሰው ቢገባ ለማንም አይነግርም።

«ደብዳቤ አይጠፋም፣ እሱን አምናለሁ» አለ። «ደብዳቤ አለመጥፋቱ ግን አንድ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው አለመክፈቱ ሌላ ነገር ነው። ጋሼ የሚነግሩሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።»

«ወዴት ልትወስደው ነው?» አለ ግሩም።

«ክላውድ ላይ።»

«ደመና ላይ! ደመና አምኖ የዘራ ገበሬ ምን እንደበላ አባትህን ጠይቅ።»

«አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

ሃና ሁለቱንም በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። ክረምቱ ይለፍ፣ ከዚያ እናያለን አለች። ግሩም ሲወጣ በኔ በኩል አለፈና፣ «አየሽው ይሄን ፍላሽ? ሰክተውት ሳይጨርሱ ይናገራል» አለኝ። ኢርፋን ሰማው። ሰላም ሳይለን ወጣ።

ክረምቱ ግን በሰላም አላለፈም።

አንድ ጠዋት ሃና ከቢሮዋ እየጮኸች ወጣች። ጩኸቷ ደንበኞች የሚቀመጡበት ድረስ ደረሰ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው። ፋብሪካው ለአቶ በዛብህ የጻፈው ነው፦ «ወንድሜ በዛብህ፣ ስለ ሕመምህ በጣም አዝነናል። በደብዳቤህ እንደጠየቅኸው ውክልናውን ልጄ ላልከው ለአቶ ፈጠነ አስተላልፈናል። መልካም ዕረፍት ይሁንልህ።»

ፈጠነ የኛው ሻጭ ነበር። አቶ በዛብህ በተቀበሩ ሰሞን ለቀቀና ዓለም ባንክ ሰፈር የራሱን ሱቅ ከፈተ። ሰው ልኮ ማየት እንኳ አላስፈለገም፤ ሾፌራችን ደሜ በዚያ ሲያልፍ የኛን ፓምፕ ስም ባነር ላይ ተሰቅሎ አይቶ መጣ።

ኢርፋን በዚያው ቀን ተጠርቶ መጣና ባኞው የሚመዘግበውን መዝገብ አገላበጠ። «ይሄን መመዝገቡስ ደግ ነው» አለ፣ ከአፉ እየጎተተ። ከዚያ ለሃና አሳያት። ደብዳቤው የወጣው ከራሱ ከአቶ በዛብህ አድራሻ ነው። የገባው ሰው ከዚህ ሕንፃ ውጭ ነበር። «የሰበረ ሰው አይደለም» አለ። «ሰባሪ ደጋግሞ ይሞክራል። ይሄ ግን አንዴ ሞከረ፣ ያኔውኑ ገባ። ቁልፉን የያዘ ሰው ነው።»

«ቁልፉን ማን ማን ያውቃል?» አለች ሃና።

«እኔ፣ አንቺና አባትሽ» አለ ግሩም ሳያመነታ።

«አባቴ ከመቃብር አልተነሳም። እኔ የራሴን ቤት አልሰርቅም።» ወደ ግሩም ዞረች። «አቶ ግሩም፣ የፈጠነ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና አባት ማን ነው?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጋሼ ነበር የምትለው። አቶ ስትለው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ።

«እኔ ነኝ።»

«ስለዚህ አበልጅዎ ነው።»

«አበልጄ ነው።»

«ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅዎ?»

«ሰጥተኸዋል ወይ ብለሽ ጠይቂኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው። «አልሰጠሁትም! ልጁን ታቅፌ ሰይጣንን የካድኩበትን አፍ ለሌብነት አላበደርኩትም!»

«ሰኞ ቁልፎቹን ለኢርፋን ያስረክባሉ» አለች፣ ደንበኞች እስኪሰሙ ጮኻ። «ከዚያ የሚጠይቅዎ ፖሊስ ነው።»

ኢርፋን መነጽሩን ሲጠርግ ነበር። ደስ ያለው አይመስልም ነበር፣ ያዘነም አይመስልም።

ግሩም ባኞ ቤት ገብቶ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ይዤለት ገባሁ። አልነካውም። የማሽኑ ነፋሻ ያንጎራጉራል።

«ስንት ዓመት ነው እዚህ ያለሁት ሙሉዬ?»

«እኔን አትጠይቀኝ፣ አርጅተሻል ማለትህ ነው።»

አልሳቀም። «በሠፈሬ የማውቀው ሰው ሁሉ ይሄን ቤት ያውቃል። ዕድሬ ላይ ዳኛ ነኝ። ሌባ ተብዬ ከዚህ ከወጣሁ የማን ልቅሶ ላይ ቆሜ ነው የምናገረው? ሥራ ይቅርብኝ። ስሜን ግን ይዤ ነው የምወጣው።»

«ለፈጠነ በቀልድ እንኳ አላመለጠህም?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሻዩን የሚደፋብኝ ይመስላል። «ስሙን ለሚስቴም አልነገርኳትም። እኔ ራሴ ስጽፈው ድምፅ አላወጣም።»

አመንኩት። ማመኔ ግን ምንም አይፈይድለትም። ጠረጴዛዬ ተመልሼ የጸሎት መጽሐፌን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ አላነበብኩም፣ እጄን ብቻ ጫንኩበት።

ሃና ከሰዓት ጠርታኝ ለፋብሪካው ያዘጋጀችውን ደብዳቤ በንጹሕ እንድተይብላት ሰጠችኝ። ያለፈው ደብዳቤ ሐሰት ነው ይላል፤ የጻፈው የገዛ ሠራተኛችን ግሩም ነው፣ ተባሯል፣ ለሕግም ተላልፎ ይሰጣል። ታች ስደርስ እጄ ቆመ። «እግዚአብሔር ይጠብቅህ፣ ወንድምህ በዛብህ» ይላል።

«ሃና፣ ይሄንንም አባትሽ ናቸው የሚፈርሙት?» አልኳት።

«ሥራሽን ሥሪ እትዬ ሙሉ።»

ተየብኩት። አልላክሁትም፤ ሰኞ ርክክቡ ካለቀ በኋላ እንዲላክ ነው የታዘዝኩት።

ሰኞ ሃና ቢሮ ተሰበሰብን፤ እሷ፣ ግሩም፣ ኢርፋንና እኔ። እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ነው። ግሩም ከረባት አድርጎ ነበር የመጣው። የባኞ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ ተንሸራቶ ኢርፋን ፊት ቆመ።

«ይኸውልህ። ገንዳውን እጠብበት።»

«አመሰግናለሁ። የአቶ በዛብህን ፓስዎርድም እፈልጋለሁ፣ ደብዳቤዎቹን ለማዛወር።»

«እሱን አልናገርም።»

«ርክክብ ነው'ኮ ጋሼ።»

«እኔ ጋሼህ አይደለሁም። የሰው የክርስትና ስም በርክክብ አይሰጥም።»

ኢርፋን ወደ ሃና ዞረ። «የምን ስም?»

«አባቴ ሲጠመቅ የወጣለት ስም ነው» አለች እየተሰላቸች። «ለሰው አይነገርም። እኔ እነግርሃለሁ በኋላ።»

«መኖሩንስ አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቻችን አላቸው። ግን እኛ ጋ ስም አንድ ስለሆነ ገብቶኝ አያውቅም። ለሰው የማይነገር ከሆነ ምን ያደርጋል?»

«ቤተ ክርስቲያን ይጠራል።»

«መቼ?»

«እንዴት መቼ?»

«መቼ ነው የሚጠራው? በየሳምንቱ? በዓመት?»

ሃና ወደኔ አየች። ግሩም ቁልፉን ሲያይ ነበር፤ ቀና አለ። እኔ እስክሪብቶዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ቆመ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር። ማንም ስላልጠየቀን ያላወቅነው ነገር ነበር።

«ሲቆርብ ይጠራል» አልኩ። «ሲሞትም።»

«ሲሞት ማን ይጠራዋል?»

«ካህናቱ። ፍትሐት ሲደረስለት።»

«በቀስታ? በጆሮ?»

«በሞንታርቦ» አልኩ።

ኢርፋን መነጽሩን አወለቀ። «ቆይ… ቆይ። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው ነበር?»

«አየር ጤና በሙሉ» አለ ግሩም።

ያ የቀብር ቀን ትዝ አለኝ። ነፋስ ነበር። «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ገሪማ» እያሉ ካህኑ ይደጋግማሉ፤ ሞንታርቦው ድምፁን ተቀብሎ አስፋልቱ ድረስ ይወረውረዋል። ሃና ከፊት ሆና ታለቅስ ነበር። ሬሳውን ተሸክመው ከገቡት መካከል ፈጠነ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ከካህናቱ ጎን ነው የቆመው። ስሙ ሲጠራ ቀና ብሎ እንደሆነ ለማስታወስ ብዙ ሞክሬአለሁ። ቀና ብሏል ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን አልምልም።

«ታዲያ የቁልፉ ዓይነት የክርስትና ስም መሆኑን ፈጠነ በምን አወቀ?» አለ ኢርፋን።

«አባቴ ሽያጭ ክፍል ቆሞ ሲፎክርበት ነው የኖረው» አለች ሃና፣ ለራሷ የምታወራ ትመስላለች። «ንስሐ አባቴን ጠይቁ እያለ።»

ኢርፋን ሳያስበው ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረ። «ይቅርታ። ፓስዎርድ በሞንታርቦ ሲታወጅ ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ግሩም ዞረ። «እርስዎ አልሰጡትም ማለት ነው። ቢያንስ እርስዎ ሰጡት የሚያሰኝ ነገር የለም።»

«ጠበቃዬ ሆንክ ደግሞ?»

«ጠበቃዎ አይደለሁም። ሰርቨርዎን አልወደውም። ደህና ሰርቨር ቢሆን ኖሮ ከማይታወቅ ቦታ ሰው ገባ ብሎ ያኔውኑ ይጮህ ነበር። እሱ የእርስዎ ጥፋት ነው፣ ነግሬዎት እምቢ ብለዋል። ያላደረጉትን ግን አደረጉ አልልም፤ አላህን እፈራለሁ።»

ግሩም የከረባቱን ቋጠሮ ነካ ነካ አደረገ።

ሃና ግን ገና አልተፈታችም። «ይሁን» አለች። «ፋብሪካውን ምን ልበላቸው? ሌባው ቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ነው ልበል? የሚያምነኝ አለ? ሠራተኛ ሰረቀ ብል ግን ማንም ይገባዋል።»

«ስለዚህ ባይሆንም እኔ ልሁን?» አለ ግሩም።

«እሱን አላልኩም!»

«እሱን ነው ያልሽው። አባቴ ሞቷል በያቸው፣ አለቀ። ሟች ደብዳቤ አይጽፍም።»

ሃና ቀላች። ኢርፋን አንዴ እሷን አንዴ ግሩምን ያያል፤ ነገሩ አልገባውም።

«አያውቁም እንዴ?» አለ። «ፋብሪካው መሞታቸውን አያውቅም?»

ሃና ፊቷ ያለውን ወረቀት ገለበጠችው።

«ባኞው ላይ የሚያልፈውን አያለሁ» አለ ግሩም። አሁን አይጮህም ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይሄኛው አስፈራኝ። «ካቻምና ከቀበርናቸው ወዲህ ስንት ደብዳቤ ጻፉ? አሳለፍኩት። ዝም አልኩ። ያሳደግኋት ልጅ ናት፣ ጨንቋት ነው ብዬ ዝም አልኩ። አንቺ ግን ሟችን አስጽፈሽ ስታበቂ፣ ሟችን አስጻፍክ ብለሽ እኔን ልትከሺኝ ነው። ፈጠነ ቁልፉን ከቀብር ይሰማው። በር ግን ማን ከፍቶ ተወለት? አባትሽን ለነሱ በሕይወት ያቆየሽላቸው አንቺ ነሽ። ሞተዋል ብትዪ ኖሮ ማን ያምነው ነበር?»

«ካወቁ ይህን ሁሉ ጊዜ ዋሸሽን ይሉኛል! ውክልናውን ጨርሰው ይነጥቁኛል!»

«ተነጥቀሻል'ኮ! እጅሽ ላይ የቀረው የኔ ስም ብቻ ነው። እሱን ደግሞ አንስተሽ ልትሰጫቸው ነው።»

ሃና አባቷ ወንበር ላይ ወደኋላ ተደገፈች። ወንበሩ ለእሷ ሰፊ ነው፣ ሁልጊዜም ሰፊ ነበር። ከውጭ ታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ይጣራል። በዚያ ቤት የዚያን ሰፈር ስም መስማት ያን ቀን እንደ ስድብ ነበር።

«እትዬ ሙሉ» አለች በመጨረሻ።

«አቤት።»

«ያቺ ደብዳቤ… ተልካለች?»

«አልተላከችም።»

«አጥፊያት።»

«እሺ።»

«እኔ ሌላ እጽፋለሁ። መሞቱን፣ የሞተበትን ቀን። የቀብሩን ፎቶም እልካለሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት እኔ መሆኔንም።»

«በማን ስም?» አለ ግሩም። አልማራትም።

«በራሴ።»

እዚያው ተቀምጣ ጻፈችው። በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭር ነው። አንዲት ቃል ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ስትጨርስ መጨረሻው ላይ ብዙ ቆየች፤ እግዚአብሔር ይጠብቅህ የሚለውን ጻፈች፣ ከሥሩ ሃና በዛብህ አለች። ከራሷ አድራሻ ላከችው። መላኪያውን ስትጫን መብራት ጠፋ።

«በቃ፣ ጠፋ» አለ ኢርፋን።

«አልጠፋም» አለ ግሩም።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቷል'ኮ።»

«ከኮምፒዩተሯ ወጥቶ ባኞው ከተቀበለው አይጠፋም አልኩህ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ተቀመጥን። ማንም ማንንም አላየም። ግሩምና ሃና ጀርባ ለጀርባ ባይሆኑም እንደዚያው ነበር። እኔ በልቤ ጸለይኩ፤ ስለ ደብዳቤው ይሁን ስለ ሰዎቹ አልለየሁትም። ኢርፋን ስልኩን ያያል፣ ይከተዋል፣ ያወጣል። አስፋልቱ ማዶ ያሉት ጋራዦች የጄኔሬተር ጩኸት ጀመሩ፣ የኛ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። ብዙ ከቆየን በኋላ አምፖሉ ብልጭ አለ። ከባኞ ቤት ጢጥ የሚለው ድምፅ ተሰማ፣ ነፋሻው ማጉረምረም ጀመረ። ኢርፋን ተነስቶ ሄደ፤ በሩን ሲከፍት ሰማሁ። ሲመለስ ላፕቶፑን በክንዱ ይዞ ነበር።

«ወጥታለች» አለ።

ግሩም አልፎከረም። አንድ የጠፋ ደብዳቤ አምጡልኝ አላለም። ተነስቶ ከረባቱን አላላ።

«ጋሼ ግሩም…» አለች ሃና።

«አይሆንም። እዚህ በአራት ሰው ፊት አትዪኝም። ሌባ ያልሽኝ ደንበኛ እስኪሰማ ጮኸሽ ነው። ይቅርታሽን ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ትዪኛለሽ፤ ያኔ ልቀበል አልቀበል አያለሁ።»

«እሺ።»

በር ላይ ሲደርስ ኢርፋን ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁልፍ አንስቶ ዘረጋለት። «ይሄ የእርስዎ ነው። ግን ጋሼ፣ ፈጠነ አንድ ሰው ነው። ነገ ሌላ ይመጣል፣ ያኛው ቀብር መምጣት እንኳ አያስፈልገውም። ይሄን ሳጥን እስካላጠፉት ድረስ እኔ ለዚህ ቤት ዋስ አልሆንም።»

«አንተ ዋስ ሁን ያለህ ማን ነው?»

«ማንም። ግን እውነቴን ነው።»

ግሩም ቁልፉን ተቀበለው። በመዳፉ ላይ አገላበጠው። በኮሪደሩ በኩል በሩ ክፍት የቀረውን ባኞ ቤት አየ፤ ጣውላውን፣ ገንዳውን፣ አረንጓዴዋን መብራት። እኔም አብሬው አየሁ።

«ቅዳሜ ና» አለ። «ደብዳቤዎቹን ሁሉ አብረን እናወጣለን፣ አንድም ሳይቀር። አንዷ ብትጎድል አንገትህን ነው የምይዝህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መጀመሪያ የአቶ በዛብህን አድራሻ እዘጋለሁ። ከዚያ ባኞውን አጠፋዋለሁ፣ እኔ ራሴ። አንተ አትነካውም። አንተ ኬብሉን ትይዝልኛለህ።»